ለእኔ ካሜራ የሚሆን ፍላሽ

ጥቅምት 11 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

ካለህበት ጤናና ሰላም አይለይህ፤ የወጣህበት በር ሁሉ ይከፈትልህ። እኛ ከአባባ ዓይን በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። «እኛ» ስል እኔና አባባ ነን፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚህ ቤት የተጨመረም የተቀነሰም ሰው የለም።

አባባ ጠዋት ጠዋት ስቱዲዮው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ፊት ባይለዩም ድምፅ ይለያሉ። ደንበኛ ሲመጣ «ግባ፣ ግባ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔ ነው። ያንተ ወሬ ከተነሳማ ሰውየው የመጣበትን ይረሳል። «የወንድሜ ልጅ፣ እኔ ያሳደግሁት፣ ጎበዙ፣ ትልቅ የካሜራ መደብር ውስጥ ነው የሚሠራው» ይሉታል። የመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ምን ይበል? «ጎሽ» ይልና ይቀመጣል።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ ላይ ስለምትቸኩል ነው። አባባም ቢሆኑ ወረቀቱን ደጋግሜ ባነብላቸው ይመርጣሉ። ደግሞ የምጠይቅህ ነገር በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ቁጥር አለው፣ ሥዕል አለው።

ነገሩ ፍላሽ ነው። ያቺ የድሮዋ ባለፈው ወር ከጠረጴዛ ላይ ወድቃ አንገቷ ተሰበረ። ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ ከፍቶ አያትና «ነፍስ የላትም» አለኝ። ካሜራው ላይ ያለችውን ትንሿን ብልጭታ ታውቃታለህ፤ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ግንባሩን ቅባት የተቀባ ታስመስለዋለች፣ ከኋላው ያለውን ለጨለማ ትተወዋለች። ስቱዲዮ ውስጥ መብራት ስላለኝ አልቸገርም። የሚቸግረኝ ውጭ ስሠራ ነው።

የነርሶች ትምህርት ቤቱ የምርቃት ሥራውን ለእኔ ሰጥቶኛል። መቶ አርባ ተመራቂ አንድ በአንድ መድረክ ላይ፣ ከዚያም በቡድን። ቀኑ መጋቢት አሥር ነው። አዳራሹን ሄጄ አየሁት። መስኮቶቹ በአንድ በኩል ብቻ ናቸው፣ እነሱም በወፍራም መጋረጃ ተሸፍነዋል። ጣሪያው ግን ነጭና ዝቅ ያለ ነው፤ ብርሃኑን ወደ ላይ ወርውሬ ከጣሪያው ባወርደው ፊት ሁሉ ይለሰልሳል። ስለዚህ ራሷ ወደ ላይም ወደ ጎንም የምትዞር መሆን አለባት፣ ጉልበትም ያስፈልጋታል።

የካሜራዬን ስምና ቁጥር በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። የፍላሽ መግጠሚያውንም ሥዬልሃለሁ፤ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ነጥብ፣ አጠገቡ አራት ትናንሽ ነጥቦች አሉ። የፍላሿ እግር ከሥሩ እነዚሁ አምስት ነጥቦች በዚሁ አቀማመጥ ሊኖሩት ይገባል። እዚህ ከተማ ፈልጌ አጣሁ። ቶሎቶሎ ጋ አለ፤ ያ አባባ ቀጥረው ያስተማሩት፣ ኋላ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ስቱዲዮ የከፈተው። እሱን ግን መለመን አልፈልግም። አንተ ደግሞ ሥራህ ነው፤ እጅህን ዘርግተህ ከመደርደሪያ ማውረድ ነው።

መልስህን ቶሎ እጠብቃለሁ። አባባ ግንባርህን ስመውሃል።

እህትህ

*

ኅዳር 20 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስሽ። የአባባንም ጉልበት ስሜያለሁ። ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፣ ዓይናቸውን ይመልስልን። እኔ ተመስገን ነው፤ ከሥራ ብዛት በቀር የጎደለብኝ የለም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መደብሩ ውስጥ ቆሜ ደንበኛ እያስተናገድኩ ነበር። የእኛ መደብር፣ ነግሬሽ ከሆነ አላውቅም፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው መስታወት ነው። ሰው ገብቶ ዕቃ ሲያይ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ እንደ ጸሎት ቤት። አለቃዬ ከባድ ደንበኛ ሲመጣበት ወደ እኔ ነው የሚልከው። በቅርቡ ደግሞ ኃላፊነት ጨምረውልኛል፤ ይህንን ለአባባ ንገሪልኝ፣ ደስ ይላቸዋል።

የፍላሿን ነገር ተይው፣ በእኔ ጣይው። ፍላሽ እኮ ፍላሽ ነው እትዬ፤ የሁሉም እግር አንድ ነው፣ አንሸራትተሽ ታስገቢዋለሽ፣ ብልጭ ይላል፣ አለቀ። ለመሆኑ ካሜራሽ ጥቁር ነው ወይስ ብርማ? ከመልኩ ጋር የሚሄድ ልምረጥልሽ ብዬ ነው።

የሰፈሩን ወሬ ጻፊልኝ። ማን አገባ? ማን ሞተ? የአባባ ወንበር አሁንም ያቺው ባለ ሦስት እግሯ ናት?

ወንድምሽ ጎበዙ

*

ታኅሣሥ 16 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

ሰላምታህ በሙሉ ደርሶናል፤ ላንተም እጥፉ ይድረስህ። ደብዳቤህን ለአባባ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ኃላፊነት የጨመሩልህን መስመር ለሦስተኛ ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ሬዲዮ ጠጋኙን ጠርተው ለእሱም አስነበቡኝ። ማንም አላገባም። ወንበሯ ተጠግናለች።

ካሜራዬ ጥቁር ነው። መልኩ ግን ምንም አያደርግም። ያያያዝኩልህን ወረቀት ያላየኸው ይመስለኛል፤ ምናልባት ከፖስታው ወድቆ ይሆናል፣ ድጋሚ ጽፌ ልኬዋለሁ። ወንድሜ፣ እግሩ ሁሉ አንድ ነው ያልከው ልክ አይደለም። ስፋቱ አንድ ነው፣ ነጥቦቹ ግን እንደ ካሜራው ዘር ይለያያሉ። የሌላ ዘር ፍላሽ ብትልክልኝ ይገባል፣ ብልጭም ሊል ይችላል፤ ግን ካሜራውና ፍላሹ አይነጋገሩም። ስንት ብርሃን እንደሚበቃ ካሜራው ሊነግረው አይችልም። ያም ቢሆን ችግር የለውም፣ በእጄ እያስተካከልኩ እሠራለሁ፤ አባባ ያስተማሩን እንደዚያ ነው።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ እንዳስረዳኝ አሮጌ ፍላሾች፣ የፊልም ካሜራ ዘመን የሆኑት፣ በእግራቸው በኩል ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይመልሳሉ። የድሮ ካሜራ ብረት ለብረት ስለሆነ ይችለዋል። የዛሬው ግን ሆዱ ስስ ነው፣ ይቃጠላል። ስለዚህ አደራህን፣ አሮጌ ፍላሽ አትላክልኝ። ለካሜራዬ የተሠራውን ካገኘህ ላክ። ካላገኘህ የለም በለኝ፤ አልቀየምህም፣ ሌላ መላ እፈልጋለሁ። ቀኑ መጋቢት አሥር መሆኑን አትርሳ።

ብርድ እንዳይመታህ ተጠንቀቅ።

እህትህ

*

ጥር 28 ቀን

ለእትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? አባባስ? መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ፤ የፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ የዕቃ ቆጠራ ይዞን ነበር፣ ቀና ማለት አልቻልኩም።

ስለ ነጥቦቹና ስለ ኤሌክትሪኩ የጻፍሽውን አየሁ። ትንሽ አሳቀኝ። ለቀባሪው አረዱት ይባል የለ? ሬዲዮ ጠጋኙ ሬዲዮውን ይጠግን፤ የካሜራውን ለእኛ ይተወው። ፍላሿ ትመጣለች። ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ እንዳታስቢ።

ለአባባ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ጎበዙ

*

የካቲት 12 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። አባባ ደህና ናቸው።

ትናንት ቶሎቶሎ መንገድ ተሻግሮ መጣ። ምርቃቱን እንደያዝኩ ሰምቷል። «ፍላሽሽ መሰበሩን ሰማሁ፣ ያቺን ቀን የእኔን ላውስሽ፤ ካሜራችን አንድ ዘር ነው» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያልጠበቅሁት ነገር ነው። መልስ ሳልሰጠው አባባ ከወንበራቸው ሆነው «ጎበዙ ይልክላታል» አሉት። እኔም ዝም ብዬ አልቀረሁም፣ «መንገድ ላይ ነው» አልኩት። እሱም «ጥሩ» ብሎ ተመለሰ።

አሁን መንገድ ላይ ነው ያልኩትን ነገር መንገድ ላይ አድርገው። ወይም በአንድ ቃል የለም በለኝና ሄጄ ቃሌን ልጠፍ። የምፈልገው አንዱን ነው፤ ወይ አዎ፣ ወይ አይደለም።

እህትህ

*

የካቲት 26 ቀን

እትዬ፣

ይህን የምታመጣልሽ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፤ የእኔ ጎረቤት ናት፣ እናቷን ልታስታምም ወደ እናንተ ስትመጣ ጊዜው ገጠመልኝ። ፍላሿ ካርቶኑ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላለች። ከመደብሩ የተሻለችውን ነው የመረጥኩልሽ። መልኳ ትንሽ ለቀቅ ቢል አትገረሚ፤ ለማሳያ ቆማ የነበረች ስለሆነች ነው። ራሷ ትዞራለች፣ ሞክሬያታለሁ።

መልካም ሥራ ይሁንልሽ። ፎቶዎቹን ላኪልኝ።

ጎበዙ

*

መጋቢት 19 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። አባባ ደህና ናቸው። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው።

ካርቶኑ የደረሰኝ መጋቢት ዘጠኝ ከሰዓት ነው። ከጨርቁ ሳወጣት እግሯን ገልብጬ አየሁ። አንድ ነጥብ ብቻ አላት። ልቤ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ይዣት ሄድኩ፤ ሱቁን ዘግቶ ነበር። አባባ «እሱ ሙያው ነው፣ አንቺ ተጠራጣሪ ነሽ» አሉኝ። ተመልሼ ቶሎቶሎ በር ላይ መቆምም አልሆነልኝ። ባትሪ አስገባሁ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሠራች። በቃ እኔው ነኝ ክፉ የማስበው አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ ስድስት ተመራቂ አነሳሁ፣ ቆንጆ ነበር፤ ብርሃኑ እንዳሰብኩት ከጣሪያው ለስልሶ ወረደ። ሰባተኛዋ ወረቀቷን ተቀብላ ወደ እኔ ዞረች፣ ተጫንኩት፣ ካሜራው ዝም አለ። መስታወቱ ጠቆረ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ባትሪ ቀየርኩ። ምንም የለም። ስም ጠሪው አላቆመም፤ ስምንተኛዋ ወጣች፣ ዘጠነኛዋ ወጣች። እያንዳንዷ ወረቀቷን ትቀበልና ወደ እኔ ትዞራለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ትጠብቃለች።

ከዚያ ያደረግሁትን ለማንም አልነገርኩም። ፍላሿ ጀርባ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለች፤ እሷን ብትጫን ያለ ካሜራም ብልጭ ትላለች። የሞተውን ካሜራ ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ያቺን ቁልፍ ተጫንኩ። ልጅቷ «አመሰግናለሁ» ብላ ወረደች። ሌላዋ ወጣች፣ ደግሜ ተጫንኩ። ሃያ ሦስት ልጆች እንደዚያ አሳለፍኩ። ካሜራው ይነሳል፣ አሁን ይነሳል፣ ነገሩንም አላበላሽባቸውም እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አንዲት እናት፣ ከሩቅ የመጡ መሆናቸው ጫማቸው ላይ ያስታውቃል፣ በጎን በኩል ቀስ ብለው መጡና «የልጄን አሳዪኝ፣ ልያት» አሉኝ።

«አልወጣም እናቴ» አልኳቸው።

«እንዴት አይወጣም? ብልጭ ሲል አየሁ እኮ» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ መድረኩ ሥር፣ በሰው ሁሉ ፊት። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መጣች፣ ነገሩን ከአፌ አወጣችው፣ ለቶሎቶሎ ደወለች። በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ወደ ሰማንያ የሚሆኑት አልፈው ነበር። የቀሩትን እሱ አነሳ፣ የቡድኑንም እሱ አነሳ። እኔን ምንም አላለኝም። ምነው አንድ ነገር ባለኝ ኖሮ።

በማግስቱ ሬዲዮ ጠጋኙ ፍላሿን በመለኪያው ለካት። «ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ትመልሳለች፤ ያንቺ ካሜራ ስድስት ቮልት ነው የሚችለው። የገረመኝስ እስከ ሰባተኛው መድረሱ ነው» አለኝ። ካሜራው አይጠገንም። አባባ ሲሰሙ «ምናልባት አንቺ በደንብ አልገጠምሻት ይሆናል» አሉ።

አሮጌ ፍላሽ አትላክ ብዬ ጽፌልህ ነበር። ይህቺን ማን መረጣት? መደብራችሁ ውስጥ ማንን ጠየቅህ?

እህትህ

*

ሚያዝያ 30 ቀን

ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የደረሰብሽን ሰምቼ በጣም አዘንኩ፤ ፈጣሪ ጽናቱን ይስጥሽ። ዕቃ ነው፣ ይተካል፤ ዋናው ጤና ነው።

ግን እትዬ፣ ሳትቆጪ ስሚኝ። እኛ መደብር ስንት ሰው ያችን ዓይነት ፍላሽ ገዝቶ ሄዷል፣ አንድም ተመልሶ የመጣ የለም። አባባም እንዳሉት አገጣጠሟ ላይ የሆነ ነገር ተፈጥሮ ይሆናል። ባትሪሽስ ደህና ነበር? የአዳራሹ እርጥበትስ? ሬዲዮ ጠጋኝ የተናገረውን ይዞ ወንድምን መጠርጠር ደግ አይደለም።

ለማንኛውም ካሜራ እልክልሻለሁ። ጊዜውን አትጠይቂኝ እንጂ እልካለሁ።

ወንድምሽ

*

ግንቦት 21 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ደህና ነህ ወይ? አባባ ደህና ናቸው።

ከሚያዝያ ጀምሮ ስቱዲዮው ተዘግቷል። እኔ ቶሎቶሎ ጋ ገብቻለሁ፤ የሚያነሳው እሱ ነው፣ እኔ የመታወቂያ ፎቶ በመቀስ እቆርጣለሁ። አባባ ወንበራቸውን አሁንም ከተዘጋው በር ፊት ያወጣሉ። ሰው ሲመጣ «ማዶ ሂድ፣ ልጄ እዚያ ናት» ይላሉ።

ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ ዕለት ፎቶ ልትነሳ መጣች። ሳልጠይቃት ነው ያወራችልኝ፣ ሴትየዋ ክፋት የላትም። «ወንድምሽ እጁ በብርድ ተሰነጣጥቋል፣ ስሄድ ቅባት ብትልኪለት ጥሩ ነው» አለችኝ። የካሜራ መደብር ውስጥ እጅ ይሰነጠቃል ወይ አልኳት። «የምን መደብር? የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ አይደለም እንዴ ካርቶን የሚሸከመው? ባሌም እዚያው ነው» አለችኝ። ፍላሿንም አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ስትገዛ አብራህ ነበረች።

ዓሣ መሸከም ነውር አይደለም። ፎቶ ከመቁረጥ አያንስም።

አባባን ያ ባሕር ማዶ ያለው ወዳጃቸው ፎቶ አንሺ «አንድ ልጅ ላክልኝ፣ ሙያውን ተምሮ ይመለስ» ያላቸውን ቀን ታስታውሳለህ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ፊልም የማጥበው እኔ ነበርኩ። አንተ አሥራ ዘጠኝ ነበርክ፤ የምታነሳው ሰው ሁሉ ግማሽ ጭንቅላቱ ይቆረጥ ነበር። «ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው አገር አልክም፤ እሱ ይማር፣ ለሁላችንም ይሆናል» አሉ። እኔ አንተን አየሁህ። አንተ እግርህን ታይ ነበር። አንድ ቃል አልወጣህም። ያን ቀን ዝም ስትል ልጅ ነው ብዬ አለፍኩህ።

ዘንድሮ ግን ልጅ አይደለህም። ከሌለ የለም በለኝ ብዬህ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ቶሎቶሎ ፍላሹን ይዞ በሬ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንተን አምኜ መለስኩት።

እህትህ

*

ሰኔ 6 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፣ ዛሬውኑ እመልስልሻለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፤ ጽሕፈቴ ቢጠማዘዝ ይቅር በይኝ።

ልብስ ሰፊዋ ያለችሽ ሁሉ እውነት ነው። ትምህርቱን አልጨረስኩትም፣ በሦስተኛው ወር አቋረጥኩት። ካሜራ መደብሩ ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ እንደመጣሁ አካባቢ አርባ ቀን መስታወት ወልውዬበታለሁ። ያን ጊዜ ለአባባ «የካሜራ መደብር ገባሁ» ብዬ ጻፍኩ። አባባ ምን ያህል እንደተደሰቱ መልሰሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ በኋላ ወጣሁ ማለት አቃተኝ። እያንዳንዱ ደብዳቤ በፊተኛው ላይ ተጨመረ።

የመጀመሪያው ወረቀትሽ ከፖስታው አልወደቀም። ኪሴ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ዕለት እዚያው መደብር ይዤው ሄድኩ። አንዷ ሻጭ መስታወት ስወለውል ከነበርኩበት ጊዜ አስታውሳ አወቀችኝ። ወረቀቱን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ «ይህን የሣለው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለች። ሄዳ ፍላሹን አምጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው። እግሩን ገልብጣ አምስቱን ነጥብ አሳየችኝ። «ለዚህ ካሜራ የሚሆነው ይህ ነው፤ እስከ ሁለት ወር ላስቀምጥልህ እችላለሁ» አለች። ሁለት ወር ጠብቂኝ ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ለማጠራቀም ይበቃኝ ነበር። ግን እንዴት ልበልሽ? የመደብር ኃላፊ ነኝ ብዬሽ የለ? ኃላፊ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ሁለት ወር ይጠብቃል?

ከዚያ ገበያው ሄድኩ። ሻጩ ቁልፏን ሲጫን ብልጭ አለች፣ ገዛኋት። ስለ አሮጌ ፍላሽ የጻፍሽውን ረስቼ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ። አልረሳሁም። እዚያው ቆሜ ትዝ ብሎኛል። አይደርስባትም አልኩ። ይኼው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያን ቀን እግሬን ሳይ የነበረውም እውነት ነው። ካየሁሽ «እሷ ትሂድ» የምል መስሎኝ ነው። መሄድ እፈልግ ነበር።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአባባ አትንገሪያቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን አይስሙ። እኔን የፈለግሽውን በይኝ።

ወንድምሽ

*

ሐምሌ 2 ቀን

ይድረስ ለአንተ፣

ደብዳቤህን ፖስተኛው የሰጠው ለአባባ ነው፤ በር ላይ ስለሚቀመጡ። ከቶሎቶሎ ጋ ስመለስ ፖስታውን ሁለት እጃቸው ውስጥ ይዘው ቆዩኝ። «አንብቢው» አሉ።

ለወትሮው የምዘላቸው መስመሮች ነበሩ። ዝም ብዬ ስለ ጤናህ፣ ስለ አየሩ ሁለት ሦስት ነገር ፈጥሬ ማንበብ እችል ነበር፤ አያዩም። መጀመሪያ ለራሴ በዓይኔ ጨረስኩት፣ አትንገሪ ያልከውንም አየሁ። ከዚያ ከላይ ጀምሬ፣ ሳልዘል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ለእሳቸው ብዬ እንዳይመስልህ። ላንተም ብዬ አይደለም። ካነበብኩ በኋላ ከአፋቸው አንድ ነገር ልሰማ ፈልጌ ነው። ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን አንድ ነገር።

ስጨርስ ፊታቸውን እያየሁ ጠበቅሁ።

«ማቀዝቀዣ ሲሆን በጣም ይበርዳል ማለት ነው?» አሉኝ።

ይበርዳል አልኳቸው።

«የሚለብሰው ይኖረው ይሆን? ምስኪን ልጄን» አሉ።

ሌላ ያሉት የለም። ስለ መደብሩ ውሸት አልተቆጡም። ስለ ካሜራዬ አልጠየቁም። እሷ ትሂድ የምል መስሎኝ ነው ያልከውን ደግሜ አነበብኩላቸው፤ የሰሙም አይመስለኝም። ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ሣጥናቸው ሄዱ፣ ያንን ወፍራሙን ካፖርታቸውን አወጡ፣ ዘርግተው በእጃቸው ለኩት። «እሱ ክንዱ አጭር ነው፣ ይረዝምበታል። እጅጌውን አሳጥሪና ላኪለት፤ ሲሸከም እንዳይጠልፈው» አሉኝ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

ካፖርቱን ልብስ ሰፊዋ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለስ ይዛልህ ትመጣለች። ለእጅህ የሚሆን ቅባት ኪሱ ውስጥ አለ፤ እሱም የእሳቸው ትእዛዝ ነው። እጅጌውን አላሳጠርኩትም። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አውጥታ «ልጠፈው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ተይው አልኳት።

የአጎትህ ልጅ